የቫይረሱ ነጠላ

ሽሮ ሜዳ ካሉት ሸማኔዎች ሻይ እንደ መሳይ የሚያጣፍጥ አልነበረም፤ ማንኪያው ብርጭቆው ውስጥ ቀጥ ብሎ ይቆማል ይሉታል። ታዲያ ያ ሰው አንድ ቀን ያለ ስኳር መጠጣት ሲጀምር ሁሉም ደነገጠ።

"የስኳር በሽታ አለብህ ተባልኩ" አላቸው። የተከበረ በሽታ ነውና አዘኑለት። እንዳናስጎመጀው ብለው እነሱም መራራውን ይጠጡ ጀመር። በደሙ ውስጥ ያለው ኤች አይ ቪ መሆኑን የሚያውቁት ሚስቱ አበራሽና ጤና ጣቢያው ብቻ ነበሩ።

ነገሩን ያመጣው የጤና ጣቢያው ትምህርት ነው። ነርሷ ሲስተር ቦንቱ፣ ቫይረሱ ላዩን ስኳር እንደሚለብስ፣ የሚያለብሰውም የራሳችን ሕዋስ ስለሆነ የሰውነት ዘበኞች የቤት ሰው መስሏቸው እንደሚያሳልፉት ተናገረች። ሌላው ሲያንቀላፋ መሳይ ግን ልብስ ሲባል ነቃ። ነጠላ ዘቅዝቆ በየለቅሶው ድንኳን እየገባ የሚበላው፣ የማን ዘመድ ነህ የማይባለው ሰው ትዝ አለው። ነጠላውን ደግሞ እኛው ሸምነን ሰጠነው! ክሩን፣ ስኳሩን ቢያጣስ? ራቁቱን አይቀርም?

እንዲህ ሊቅ ሆነ። ሊቅ ኪኒን ምን ያደርግለታል? በየቀኑ ይውጥ የነበረውን የቫይረሱን መድኃኒት ተወው።

"አንተ ሰውዬ፣ አብደሃል?" አለች አበራሽ።

"ክሩን ቆርጬበታለሁ ስልሽ!"

ክረምቱ ሲወጣ ሳሉ ከሽመናው ጉድጓድ አላስወጣ አለው። አበራሽ እየጎተተች ጤና ጣቢያ ወሰደችው። የደሙ ውጤት ሲመጣ ቫይረሱ ተራብቷል፤ ያውም ለብሶ፣ አምሮበት።

"ጋሼ፣ የሻይ ስኳር አይደለም እኮ" አለች ቦንቱ፣ ነገሩን ከአበራሽ ሰምታ። "እርስዎ ባይቀምሱም ሰውነትዎ ይሠራዋል።"

"ኪኒኑ ታዲያ ልብሱን ያስወልቀዋል?"

"ልብሱን አይነካም። እንዳይራባ ነው የሚከለክለው።"

"እ... ማለቴ፣ ሸማውን ትቶ የሽመናውን ዕቃ ይሰብራል?"

"በቃ፣ እንደሱ ይያዙት። ብቻ ይዋጡ!"

ዋጠ፤ ከሳምንታት በኋላ ሳሉ ለቀቀው። ወደ ሥራው ተመልሶ እጁን ወደ ስኳሩ ሲሰድ ጓደኛው ጀቤሳ ቀማው። "ልትሞትብን ነው?"

መሳይ ስኳሩን አየ። ቫይረሱን ላስወልቅ ሲል የከረመ ሰው፣ በሽታውን የደበቀበትን የራሱን ልብስ ስንት ዓመት ተሸፋፍኖ እንደኖረ አሰበ።

"የስኳር በሽታ የለብኝም" አለ። "ያለብኝ ኤች አይ ቪ ነው። መድኃኒቱን እየዋጥኩ ነው።"

መወርወሪያው ሁሉ ቆመ። ጀቤሳ ጮኸ፦ "ታዲያ እኛ ይሄን ሁሉ ጊዜ መራራ የጠጣነው ለምንድነው?"

ጀቤሳ መጀመሪያ የራሱን ሻይ አጣፈጠ። ቀምሶ፣ ማንኪያውን ልሶ ከነስኳሩ ለመሳይ አቀበለው።