ኢንዛይሙን ማን ጠራው?

ርዕሱ የደረሰኝ በዕጣ ነው። በጋውን ጊንጪ ባዮሎጂ እያስተማርኩ፣ ክረምት ክረምት አምቦ እየመጣሁ ዲግሪዬን እማር ነበር። የሴሚናር ርዕስ ስናወጣ፣ የእኔዋ ብጣሽ ወረቀት “የሊፒድ ካይኔዝ ኮምፕሌክሶች ሴል ሜምብሬን ላይ እንዴት ይደርሳሉ?” ትላለች። ጮክ ብዬ ሳነባት ከኋላዬ የተቀመጡት ወንዶች ሳቁ። መምህራችን ሆዴን አየት አደረገ፤ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ።

“በዚህ ሁኔታሽ ይከብድሻል። ስለ ፎቶሲንተሲስ ብትሠሪስ?”

ክፉ አስቦ አልነበረም። እኔን ግን አንገበገበኝ።

“የደረሰኝን እሠራለሁ” አልኩት።

መሸምደድ ጀመርኩ። ሊፒድ ሜምብሬኑ፣ ማለትም የሴሉ ስስ ሽፋን፣ የተሠራበት ስብ ነው። ካይኔዝ ፎስፌት የሚለጥፍ ኢንዛይም ነው፤ ከሌሎች ፕሮቲኖች ጋር ተጣምሮ ኮምፕሌክስ ይሆንና ስቡ ላይ ፎስፌት ይለጥፋል። እንደ ውዳሴ ማርያም አንበለበልኩት እንጂ አልገባኝም ነበር።

የዶርም ጓደኛዬ ከሐሮ ወንጪ የመጣች የኬሚስትሪ መምህርት ናት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በራችን ላይ ፀጉሬን ስትሠራኝ የሸመደድኩትን አስረዳኋት። ማበጠሪያውን አቆመች።

“ቆይ፣ ስቡ ያለው ሜምብሬኑ ላይ ነው። ኢንዛይሙ ግን ሴሉ ውስጥ ይንሳፈፋል አልሽኝ። ታዲያ ኤኙቱ ዋሜ? ማን ጠራው?”

“ራሱ ይሄዳላ!”

“ሂን ተኡ፣ አይሆንም! ራሱ ከሄደማ ያገኘው ሜምብሬን ሁሉ ላይ ይለጠፍ ነበር።”

ፀጉሬ ግማሹ እንደተሠራ ነጠላዬን ጣል አድርጌ ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። ያነበብኩትን ጽሑፍ እንደገና ከመጀመሪያው ያዝኩት፤ ዘልዬው የነበረው አንቀጽ ውስጥ አገኘሁት። ራብ ፋይቭ የምትባል ትንሽ ፕሮቲን አለች። የስብ ጭራዋን ሜምብሬኑ ውስጥ ሰክታ ትቀመጣለች። ጂቲፒ የተባለውን ሞለኪውል ስትይዝ ቅርጿ ይለወጥና የሚንሳፈፈውን ኮምፕሌክስ ጥብቅ አድርጋ ትይዘዋለች። ኮምፕሌክሱ ራሱም ስቡን ይነካል፤ ብቻውን ግን አይጸናም። ሁለቱ ሲተጋገዙ ነው ሥራ የሚጀመረው። እዚያው ወንበሬ ላይ እልል በይ እልል በይ አለኝ።

በሴሚናሩ ቀን መብራት ጠፋ። ፕሮጀክተሩን ትቼ ጠመኔ አነሣሁና ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር በሥዕል ሞላሁት። ስጨርስ መምህሩ ከመቀመጫው ተነሣ።

“ሴል ውስጥ ስንት ዓይነት ሜምብሬን አለ። ኮምፕሌክሱ ለምን ሌላው ላይ አይሄድም?”

“እያንዳንዱ ሜምብሬን የራሱ ትንንሽ ፕሮቲኖች አሉት። ራብ ፋይቭ በብዛት የምትገኘው ሴሉ ከውጭ የሚያስገባውን የሚቀበሉት ከረጢቶች ላይ ነው። ይህን ኮምፕሌክስ እዚያ የምትይዘው እሷ ናት።”

“ጂቲፒው አንድ ፎስፌት ጥሎ ወደ ጂዲፒ ሲለወጥስ?”

“ትለቀዋለች። ኮምፕሌክሱም ተመልሶ ይንሳፈፋል።”

መምህሩ ፈገግ ብሎ ወደ ተማሪዎቹ ዞረ። “ጥያቄ ያለው?”

ስቀውብኝ ከነበሩት አንዱ እጁን አወጣ። ጠመኔዬን አዘጋጀሁ።

“የመጨረሻዋን ድገሚልን” አለ። “አልጻፍኳትም።”

ደገምኩላቸው፤ ቀስ ብዬ፣ እያንዳንዷን ቃል እያጣጣምኩ። ሁሉም አቀርቅረው ይጽፋሉ።

ስወጣ ጓደኛዬ ኮሪደሩ ላይ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ከየክፍሉ ሰው ብቅ ብቅ አለ። ክንዴን ይዛ ወደ ከተማ አወጣችኝና ጥብስ ጋበዘችኝ። ለሁለት ነፍስ በላሁ።