የአራተኛው አልጋ ሰውዬ እጅ

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ እኔ ለመጻፍ የምደፍር ሰው አልነበርኩም። ፊደሉንም የለየሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ግን ያየሁትን ካልተናገርኩ አይወጣልኝም።

ሆስፒታል ውስጥ ወለል እወለውላለሁ። አራተኛው አልጋ ላይ አንድ ሽማግሌ ተኝተው ነበር። ቀኝ እጃቸው ተሰብሮ ተጠግኗል፤ የፒጃማቸውን ቁልፍ ግን በግራቸው እየታገሉም ቢሆን እስከ አንገታቸው ይቆልፉታል። ሥራቸው ሲጠየቅ ለአንዱ ሹፌር፣ ለሌላው ልብስ ሰፊ ነበርኩ ይላሉ። ሐኪሙ፣ "አባባ፣ ጣትዎ ነገ ዕቃ ካልያዘ እንደገና ኦፕራሲዮን ነው" ካላቸው ወዲህ ፊታቸው ጠቁሯል።

እኔ አጎንብሼ ስለምሠራ የሰው እጅ ከታች ነው የሚታየኝ። ሻይ ሲጠጡም ሲያወሩም በተጠገነው ቀኝ መዳፋቸው ውስጥ አንድ የመጫወቻ ካርታ ደብቀዋል። ከላይ ላየው ባዶ እጅ ነው። በዚያ ቀን ሦስት ጊዜ አመለጣቸው። ሦስተኛውን አንስቼ ሰጠኋቸው።

"አየሽኝ እንዴ?" አሉ።

"ኧረ አላየሁም፣ አባባ።"

"አይ ውሸት! ፊትሽ ያሳብቃል እኮ። በይ ለማንም እንዳትነግሪ።"

ልብስ ሰፊ ይህን ከየት ይማራል? ቤቴ ገብቼም ከሐሳቤ አልወጣ አለ።

በማግስቱ ጠዋት ሐኪሙ የኦፕራሲዮኑን የቀጠሮ ካርድ ሰጣቸውና፣ "እስኪ በቀኝዎ ይያዙት" አለ። ያዙት፤ ወዲያው እጃቸው ባዶ ሆነ። ሐኪሙ "ይኸው ወደቀ" ብሎ አልጋው ሥር ጎንበስ አለ። ከእኔ ባልዲ በቀር ምንም የለም። ሽማግሌው እጃቸውን ገልበጥ ሲያደርጉ ካርዱ በሁለት ጣታቸው መሀል ብቅ አለ።

"ዶክተር፣" አሉ፣ "ይህን ለሚያስፈልገው ሰው ይስጡልኝ።"