ፌኔት ያራገፈችው ቱታ

ሮበሌ የአስቤስቶስ ክዳን ከሚያመርተው ፋብሪካ ጡረታ ከወጣ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። ፋብሪካው ፈርሶ ቦታው ላይ ፎቅ በቅሎበታል። እሱ ግን ከመካኒሳ አቦ ወደ ቤቱ የምትወስደውን አጭር ዳገት ሦስቴ ቆሞ፣ ትንፋሹን ሰብስቦ ነው የሚወጣት። ደረቅ ሳሉን በብርድ፣ ድካሙን በዕድሜ ያመካኛል።

ቀድማ የወደቀችው ግን ሚስቱ ፌኔት ናት። ጎኗን ወጋት፤ ከሳች፤ መተንፈስ አቃታት። ሐኪም ቤት ከሳንባዋ ዙሪያ ውሃ ቀዱላት፤ በሳምንቱ ተመልሶ ሞላ። የናሙናው ውጤት ሲመጣ ወጣቷ ሐኪም ወንበሯን አስጠጋች።

"እማማ፣ አስቤስቶስ ያለበት ቦታ ሠርተው ያውቃሉ?"

"እኔ? ከጓሮዬ ወጥቼም አላውቅ። የፋብሪካ ሰውስ እሱ ነው" አለች አጠገቧ ወደተቀመጠው ሮበሌ እያመለከተች።

"የሥራ ልብሳቸውን ማን ነበር የሚያጥበው?"

ፌኔት ሳቅ አለች። "ሌላ ማን አለው ብለሽ ነው፣ ልጄ?"

ሮበሌ አልሳቀም። ቱታውን ከአጥሩ ጋር እየመታች ስታራግፍ፣ ነጩ አቧራ ፀጉሯ ላይ ሲያርፍ፣ "ያለዕድሜዬ አሸበትከኝ" እያለች ስትቀልድ ታየው።

ሐኪሟ ቀስ ብላ አስረዳቻቸው። የአስቤስቶስ ክር በዓይን አይታይም። ከተነፈሱት ሳንባ ውስጥ ይቀራል፤ ሠላሳ አርባ ዓመት አድፍጦ የሳንባን ሽፋን ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። ሮበሌም ራጅ ተነሣ። የእሱ ካንሰር አይደለም፤ የማይሽር ጠባሳ ነው።

ቤት ሲገቡ፣ "እኔ ነኝ የገደልኩሽ" አላት።

"ዝም በል። እንጀራ ፍለጋ ወጣህ እንጂ መርዝ ፍለጋ አልወጣህም።"

በአምስተኛው ወር አረፈች።

ከቀብሯ ወዲህ ሮበሌን አቧራው አልለቀቀውም። በመስኮት በገባ ፀሐይ ውስጥ ብናኝ ሲንሳፈፍ ካየ ተነሥቶ መጋረጃውን ይዘጋል። ከጓሮ ጨርቅ የሚራገፍ ድምፅ ይሰማዋል፤ ሲወጣ ማንም የለም። ከሁሉ የባሰበት ግን አንድ ሐሳብ ነው። ልጁ ሶፊ ሕፃን ሳለች፣ ከሥራ ሲመለስ ሮጣ ቱታው ላይ ትጠመጠም ነበር።

አርባው ከወጣ በኋላ ለቡ ሰፈር ካለው ቤቷ ድረስ ሄዶ ነገራት። ሶፊ በማግስቱ ራጅ ተነሣች።

"ንጹሕ ነው፣ አባዬ። በየጊዜው እየመጣሽ ታዪ ብለውኛል።"

"ተመስገን" አለ። ልቡ ግን አላረፈም። እስከ ዛሬ ስትደውልለት ወሬዋን ሳይሆን ትንፋሿን ነው የሚያዳምጠው።