ሻርጃ ላይ ያስቀረኋት አውሮፕላን

ከቡታጅራ በወጣሁበት ምሽት ቤታችን ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ዱዓ ሊያደርጉልኝ የመጡት ጎረቤቶች ሁሉ ምክር አንግበው ነው የመጡት፤ ሙቀቱን ተጠንቀቂ፣ ፓስፖርትሽን ለማንም አትስጪ፣ ሰላትሽን አትተይ። አባቴ ብቻ ደጅ ደጁን ያያል። በርበሬ ነጋዴ ነው፤ የመስቃንን ገበያ በጋሪም በእግርም አዳርሷል፤ አውሮፕላን ግን አንድም ቀን ተሳፍሮ አያውቅም። ጓደኞቹ ለዑምራ ሲሄዱ እንኳ «የወደቀ እንደሆነስ?» እያለ ይቀራል። አሁን ደግሞ የገዛ ልጁ አዲስ አበባ አውሮፕላን ስትጠግን መክረሟ ሳያንስ፣ ለዚሁ ሥራ ባሕር ልትሻገር ነው።

ሚኒባሱ ደጅ ላይ ሲቆም ጠየቀኝ፦

«ሙና፣ እስቲ ንገሪኝ። ያ ሁሉ የተማረ ሰው እያለ አውሮፕላን የሚወድቀው ለምንድን ነው?»

«አባዬ፣ ሰበቡ ብዙ ነው። ከጥገና የሚመጣውን ልንገርህ። አንዱ ብሎን ሳያጠብቅ ይረሳል። ሌላው ሳያይ አይቻለሁ ብሎ ይፈርማል። ሦስተኛው ይጠራጠርና ሰዓት ሄደ ብሎ ይተወዋል። ሁሉም በየተራ ‹ይሁን› ሲሉ ነው ጉዱ የሚመጣው።»

«አንቺስ ትዪ ይሆን?»

«ምን?»

«ይሁን።»

ጎረቤቶቹ ሳቁ። ሹፌሩ ክላክሱን ነፋ። ሻንጣዬን አንስቼ ተሳፈርኩ።

ሻርጃ ስደርስ ከኤርፖርቱ በር ላይ የተቀበለኝ ነፋስ የምድጃ ትንፋሽ ነበር። የቡታጅራ ቀትር ሞቃት ነው ስል በመኖሬ አፈርኩ። ቤት ፍለጋ ስዞር ያገኘሁት አከራይ፣ አቡ ሰሊም፣ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና፦

«የማዳምሽ ስልክ ስንት ነው?» አለኝ።

«ማዳም የለኝም። አውሮፕላን ነው የምሠራው።»

«ታጸጃለሽ ማለትሽ ነው?»

«እጠግናለሁ።»

«ወንበሩን?»

«ኢንጂኑን።»

ጺሙን እያሻሸ አሰበና «እንግዲያው የክፍሉ ኤሲ ከተበላሸ ቆይቷል። ካስነሳሽው ቁልፉ ያንቺ ነው» አለኝ። ላቤ እየተንጠፈጠፈ አስነሳሁት። ከዚያ ወዲህ የሕንጻው ኤሲ ሁሉ ዘመዴ ሆነ።

ምግቡ አይከፋም። ኩብዝ የሚሉት ዳቦ አላቸው፤ ላብነ የሚሉት አይብ ቢጤም አላቸው። አንድ ቀን ቆጮ ክፉኛ አምሮኝ ኩብዙን በላብነና በጎመን በላሁት። ሆዴ ግን አልተታለለም።

አንድ ጠዋት ወደ አዲስ አበባ የምትበር አውሮፕላን ሰው ጭና ልትነሳ ነው። የእኔ ሥራ ዙሪያዋን ዞሬ አይቼ መፈረም ነበር። ከጎማው በላይ፣ ስታርፍ ክብደቷን ሁሉ የሚሸከመው እግሯ ላይ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነች መስመር አየሁ። ጠረግኳት፤ አልጠፋችም። አለቃዬን ሱኒልን ጠራሁት።

«ጭረት ነው» አለኝ። «ቀለሙ ተልጦ ነው። ፈርሚና ትሂድ።»

«ጭረት ከሆነ ጥሩ። ስንጥቅ በሚያሳየው ፈሳሽ ልፈትሸው።»

«ሙና፣ ሰዓት የለንም!»

«እንግዲያው አንተ ፈርም።»

እስክሪብቶውን ከኪሱ አወጣ። መስመሯን ጎንበስ ብሎ አየ። እስክሪብቶውን መልሶ ኪሱ ከተተው። «አምጪ ፈሳሹን» አለ።

ቀይ ፈሳሽ ነው፤ ስንጥቅ ካለ ውስጡ ይሰርጋል። ላዩን ጠርገን ነጭ ዱቄት ነፋንበት፤ ጠበቅን። ቀዩ መስመር በነጩ ላይ ቀስ እያለ ወጣ፤ ወጣና ከገመትኩት በላይ ረዘመ። ያ እግር አንድ ቀን ስታርፍ ቢሰበርስ? ሱኒል ስልኩን አንስቶ ተሳፋሪዎቹ እንዲወርዱ አዘዘ።

ከወረዱት መካከል አንዲት የጉራጌ፣ የአገና ልጅ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ በአማርኛ ትጮኻለች።

«የእህቴ ሰርግ ነገ ነው! ማነው ያስቆመው?»

«እኔ ነኝ፣ እህቴ።»

«አንቺ? ሐበሻ ሆነሽ?»

«እግሩ ተሰንጥቆ ነው።»

«ታዲያ ሌላ እግር ግጠሚለታ!»

«ልንገጥም ነው። አንቺ ግን በሌላ ትሄጃለሽ።»

አፍጥጣ አየችኝ፤ ከዚያ እኔም እሷም እኩል በሳቅ ፈነዳን። ማታ በሌላ አውሮፕላን ሄደች። ከሰርጉ መልስ የተነጠረ ቅቤና ሚጥሚጣ ይዛልኝ መጣች። አውሮፕላን የምንጠግንበት ሀንጋር ውስጥ ስከፍተው ሱኒል አስነጥሶ አስነጥሶ ሊሞት ነበር።

ለአባቴ ደውዬ ይህን ሁሉ ነገርኩት፤ የሚደነግጥ መስሎኝ ነበር።

«አንቺ ባታዪውስ ኖሮ?» አለ።

«ቀጥሎ የሚፈትሸው ያየው ይሆናል። ለዚህ ነው እየተቀባበልን የምናየው።»

ጉሮሮውን ጠረገ። «ለዑምራ ተመዝግቤያለሁ።»

«ወላሂ በል!»

«ወላሂ። አውሮፕላኑ በእናንተ በኩል ያልፋል?»

«አያልፍም አባዬ፤ ቀጥታ ጂዳ ነው።»

«ሳላይሽ ማለት ነዋ።»

የዓመት ፈቃድ እስካሁን አልሰጡኝም፤ መቼ እንደሚሰጡኝም አላውቅም። ይህን ልነግረው ስል ከበስተጀርባው የሆነ ነገር ሲንኳኳ ሰማሁ።

«ዝናብ ነው እንዴ?»

«አዎ፣ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው።»

«እስቲ ስልኩን ወደ በሩ አስጠጋው።»

አስጠጋው። ከኤሲው ሥር ተቀምጬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ የቡታጅራን ዝናብ ሰማሁ። አባቴም «ጨረስሽ?» አላለኝም፤ ስልኩን በሩ ላይ እንደያዘልኝ ቆየ።