ሁለት አያ በአንድ አጥር

ሚዛን ተፈሪ ገበያ ዳር ልብስ ሰፊውን ከፈለኝ ብሎ በስሙ የሚጠራው ሰው አይገኝም። ለሁሉም «አያ» ነው። የበኩር ልጅ ሆኖ እናት አባቱን ገና በልጅነቱ አጣ፤ ታናናሾቹንም እየሰፋ አሳደገ፣ ዳረ። ታላቅ ወንድማቸውን «አያ» ሲሉት የሰማ ሁሉ ተከተላቸው። እነሱ ዛሬ ቴፒና ጌጫ ኑሮ መሥርተዋል፤ ማዕረጉ ግን እሱው ጋ ቀረ። እሱም ይወደዋል፤ «አቶ» የሚለው ሰው ካለ ፊቱ ይጠቁራል።

ታዲያ ለአጥር ጎረቤቱ፣ ለባለሱቁ ለአሕመዲን፣ ሴት ልጅ ተወለደችለትና ሚስቱ ሙኒራ «አያ ትባል» አለች። በዐረብኛ ምልክት፣ ተአምር ማለት ነው፤ የቁርኣን አንቀጽም እንዲሁ ይባላል። ከስንት ዓመት ጥበቃ በኋላ የመጣች ልጅ ናትና ሌላ ስም አልታያት አለ።

ሰፈሩ መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ፈረደ። «ነገ ልጅቷ ስታጠፋ ‹አንቺ አያ፣ ነይ ወዲህ› ተብሎ ሊጮህባት ነው? ሽማግሌው ከአጥር ወዲያ እየሰማ?» አሕመዲን ሰው አክባሪ ነው፤ ስሙ ይቀየር አለ። ሙኒራ አለቀሰች። ከፈለኝ ልቅሶዋን ሲሰማ የስፌት መኪናውን አቆመ። እውነቱን ለመናገር እሱም ቅር ብሎት ነበር። ከዚያ ስም ሌላ ምን ሀብት አለው?

ሱሪ ልታሳጥር የመጣችው የቋንቋ ተማሪ ትሕትና ነገሩን ሰምታ ሳቀች።

«አያ፣ እርስዎ ብቻ አይደሉም እኮ። «አያ» በስፓኒሽ ሞግዚት ማለት ነው፤ በጃፓንኛ ደግሞ ጥለት ያለው ጨርቅ። ቋንቋዎቹ አይዛመዱም፤ እንዲያው አጋጣሚ ነው።»

«ሞግዚትም፣ ጨርቅም?» አለ ከፈለኝ። «የእኔን ኑሮ ማን ነገራቸው?»

ስም በሚወጣበት ቀን የሰፋላትን ትንሽ ቀሚስ ይዞ ሄደ። ለክርስቲያን እንግዶች ለብቻ የተሠራው ምግብ ቀረበለት፤ አልነካውም። አሕመዲን አዲሱን ስም ሊናገር ጉሮሮውን ሲጠርግ፣ ከፈለኝ ልጅቷን ከእናቷ እጅ ተቀበለ። ታናሽ ለታላቁ እንደሚያደርገው ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ።

«እንደምን አደሩ፣ አያ» አላት።

ሙኒራ በነጠላዋ አፏን ያዘች።

«ምነው?» አለ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። «ሁሉም አያ ይለኛል። እኔ ግን አያ የምለው ሰው ኖሮኝ አያውቅም።»