ዝናቡ የበላው ስንኝ

ባለፈው ማክሰኞ ከመቱ ወደ ጎሬ ስሄድ የሚኒባሱ ድምፅ ማጉያ ልክ ከጆሮዬ ሥር ነበር። ጉልበቴ ላይ የያዝኩት ዳቦ ገና ትኩስ ስለነበር ሽታው መኪናውን ሞልቶታል። ማሲንቆው ሁለቴ ሲሳብ ዘፈኑን አወቅኩት፤ ፌስታሉን ሳላስበው ጨበጥኩት፣ ዳቦው ተጨፈለቀ።

አልበሙን ሳትሰሙት አትቀሩም። አንዲት የባህል ዘፋኝ ለብቻዋ ያወጣችው የመጀመሪያ ሥራዋ ነው። በየክፍለ ሀገሩ መጀመሪያ መድረክ ላይ የወጡትን፣ ሰው አዝማሪ እያለ የዘለፋቸውን ሴቶች ዘፈን ፈልጋ አግኝታ በራሷ አዘፋፈን ሠራችው። ከነዚያ ዘፈኖች አንዱ የእናቴ ነው።

እናቴ በወጣትነቷ የኪነት ቡድን ዘፋኝ ነበረች። በኛ አገር ሴት ልጅ ማይክ ይዛ ሰው ፊት ስትቆም መጀመሪያ የታየችው እሷ ናት ይላሉ። መንግሥት ሲለወጥ ቡድኑ ተበተነ። እሷም ስፌት መኪና ገዛች፣ እኔን ወለደች፣ ጌታን ተቀበለች። ቅደም ተከተሉን እንዲህ አድርጋ የምትናገረው እሷው ናት፤ ሁልጊዜ መኪናውን ከኔ ታስቀድም ነበር።

ቤታችን ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። የአባቴ ነገር በወሬ እንኳን ተነሥቶ አያውቅም። ጎረቤቶቻችን የእናቴን ዘፈን እያነሡ፣ አንቺ ሳትሰሚው መቅረትሽ እያሉ ያዝኑልኝ ነበር። እኔ የማውቀው የመዝሙር ድምፅዋን ነው፤ እሱም ከመዘምራኑ ጋር ተቀላቅሎ። ያንን ዘፈን አንድ ጊዜ መስማት የልጅነቴ ትልቁ ምኞት ነበር። ዝፈኚልኝ ስላት ክሩን በጥርሷ በጠስ አድርጋ፣ «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ያቺ ሴትዮ ሞታለች» ትለኛለች። እኔ ልጇ ደግሞ ያቺን የሞተችውን ሴትዮ ነበር የምፈልገው።

አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነኝ ነው። በቤተክርስቲያናችን ኮንፈረንስ ነበርና ከቡሬም ከኖፓም የመጣው ሰው አግዳሚውን ሞልቶ ቀሪው መተላለፊያው ላይ ተቀምጧል። አዳራሹ እርጥብ ጋቢና የጎማ ጫማ ይሸታል። መብራት ስለጠፋ ማይኩ አይሠራም።

በኛ ዘንድ አንድ ልማድ አለ። ከዓለም የወጣ ሰው ጉባኤ ፊት ቆሞ ምን ይሠራ እንደነበርና ምን እንደተወ ይመሰክራል። ጠጪው ስለ አረቄው ይናገራል፣ ቃልቻ ቤት ይመላለስ የነበረው ስለ ቃልቻው። እውነቱን ለመናገር እኛ ልጆች ጆሯችንን የምናቆመው የተተወው ነገር ሲወራ ነበር። ያን ቀን የመዘምራኑ ኃላፊ የነበሩት ሽማግሌ እናቴን ጠሯት። «እህታችን፣ ጌታ ከምን እንዳወጣዎት ይንገሩን» አሏት።

ራሷ የሰፋችውን የመዘምራን ልብስ ለብሳ ወጣች። እኔ ከፊት፣ ከልጆቹ ጋር ነበርኩ። «ዓለምን ሳገለግል እንዲህ እል ነበር» አለችና ስለ ወንዛችን ስለ ሶር የሚለውን ስንኝ ተናገረችው፤

ሶር ሞላ አሉኝ፣ መሻገሪያ የለው፣
ልቤ ግን ማዶ ነው፣ ማን ይከልክለው።

በንግግር ነው የጀመረችው፣ ይህን ልብ በሉልኝ። ስትደግመው ግን ድምፅዋ ትንሽ ዘገም አለ፣ የቃሉ ጫፍ ተጎተተ። ከዚያ ዘፈነችው። ወፍራም፣ መጨረሻው ላይ ሻከር የሚል ድምፅ ነበር፤ ቤት ውስጥ ከምታናግረኝ ድምፅ ጋር ምንም አይገናኝም። ዓይኗን ጨፍናለች። ቀኝ እጇ ማይክ የያዘ ይመስል አገጯ ሥር ቆሟል። እናቴን ያኔ ፈራኋት፤ ደግሞም እንደዚያን ቀን ወድጃት አላውቅም።

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ የወረደው በዚህ መሐል ነው። የኢሉባቦርን ክረምት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ሰው አጠገቡ ያለውን አይሰማም። ከኋላ ለነበሩት ቃሉ አልደረሳቸውም፣ ዜማው ብቻ ደረሳቸው። ከቡሬ የመጡት እናቶች አዲስ መዝሙር መስሏቸው ማጨብጨብ ጀመሩ። እልልታው ቀለጠ፣ አንዱ ተነሥቶ ሃሌሉያ አለ፣ ከዚያ ጉባኤው ሁሉ ተነሣ። ከፊት የነበሩት ጥቂቶች ግን ሰምተዋል። ሽማግሌው መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ዘግተው መሬት መሬት ያያሉ። እኔም ቀጥላ ወደ ሁለተኛው ስንኝ ስትሻገር ቃሉን ዝናቡ በላብኝ። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ ዜማውም ይሰማኛል፤ ቃሉ ግን የለም።

ዓይኗን ስትገልጥ ሰው ሁሉ ቆሞ ያጨበጭብላት ነበር። ምን እንዳደረገች ያኔ ገባት። ወርዳ ቦታዋ ተቀመጠች።

በሳምንቱ ሽማግሌው ቤታችን መጡ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ዣንጥላቸውን በር ላይ አስደግፈው ብዙ ካንገራገሩ በኋላ፣ «ለጊዜው ከመዘምራን ይረፉ፣ በፍቅር ነው» አሏት።

«እሺ ጋሼ» አለች።

የጀመረችላቸውን የመዘምራን ልብስ ጨርሳ፣ ተኩሳ ላከችላቸው። ጊዜው ሲያበቃ ተመልሰው ቢጠሯት፣ ድምፄ ሄዷል አለቻቸው። ከዚያ በኋላ መዝሙርም ሆነ ዘፈን ከአፏ ወጥቶ አልሰማሁም። እሑድ እሑድ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን እንቀመጣለን፤ ሰው ሁሉ ሲዘምር እሷ አፏን ገጥማ መስኮቱን ታያለች። እኔም አብሬያት ዝም እላለሁ። በዚያ ሁሉ ሰው መሐል እንደዚያ ብቸኝነት ተሰምቶኝ አያውቅም።

ያንን ስንኝ የጠየቅኳት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ሆስፒታል ተኝታ ሳለች። ሁለተኛው ምን ይላል ነበር፣ አልኳት። ጣሪያውን ብዙ አየችው። ልትነግረኝ መስሎኝ ጠጋ አልኩ። «ምን ያደርግልሻል» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ ብዙም አልቆየች።

ዘፋኟ የመጣችው አምና በበጋ ነው። ከተማው ውስጥ ስትጠይቅ የኪነቷ ልጅ ብለው ወደኔ ላኳት። ካሴት አለ ወይ አለችኝ፣ የለም። ፎቶ፣ እሱንም እናቴ ጌታን ስትቀበል አቃጥላዋለች። የቀረው በኔ ጆሮ ያለው ብቻ ነበር። በሩን ዘግቼ ስልኳ ላይ ዘፈንኩላት። ደህና ድምፅ እንኳን የለኝም፤ እናቴ እሱን አላወረሰችኝም። ያልሰማሁት ስንኝ ጋ ስደርስ በአፍንጫዬ እያዜምኩ አለፍኩት።

«ቃሉስ?» አለችኝ።

«አላውቀውም።»

«አንድ ነገር እንጻፍለት?»

«እባክሽ አትጻፊበት» አልኳት። ቃሏን ጠብቃለች፣ እግዜር ይስጣት።

አልበሙ ላይ እዚያ ቦታ ስትደርስ ያለ ቃል ታንጎራጉራለች። አገሩ ሁሉ ያበደው ለዚያች እንጉርጉሮ ነው። ማክሰኞ ዕለት የሚኒባሱ ረዳት ድምፁን ጨምሮ ወደኔ ዞረ። «ይቺ ጋ ነው ነገሩ፣ እትዬ። ቃል ምን ያደርግላታል» አለኝ።

ፈገግ አልኩለት። ልጁ ምን አጠፋ። እኔ ግን እናቴ ያላትን ሁሉ ያወጣችው እዚያ ጋ እንደነበር በዓይኔ አይቻለሁ። ማዶ ማን ቆሞ እንደነበር፣ ምን ብላ እንደጠራችው፣ ከእንግዲህ የምጠይቀው ሰው የለኝም።