ከእህቴ ባል ጋር በአንድ ሳጥን የቀዳነው

የእህቴን ባል ወደ ቤታችን ያመጣሁት እኔው ነኝ። መተማ ዮሐንስ፣ በአንድ ሆቴል ባንድ ውስጥ እሱ ሊድ ጊታር፣ እኔ ቤዝ ጊታር እንጫወት ነበር። እኔ ቀን ቀን በጤና ጣቢያው መድኃኒት ክፍል እሠራለሁ፤ ሲመሽ ከሱዳን ተሻግረው ለሚመጡ እንግዶች እጫወታለሁ። እሱ ከጊታሩ ሌላ ሥራ አልነበረውም። አንድ ቀን ምሳ እንብላ ብዬ ይዤው ገባሁ። እህቴ ልታስታጥበው ውኃ ይዛ ቆመች፣ በዚያው ቤተኛ ሆነ።

ከተጋቡ በኋላ ከሽንፋ ወንዝ ማዶ የሰሊጥ መሬት ተከራይቶ ይዟት ሄደ። ሞባይል ገና እዚያ ያልደረሰበት ጊዜ ነው። በክረምቱ ወባ ያዛት። እኔ ለማላውቀው የቀን ሠራተኛ ሁሉ የወባ ኪኒን ሳድል እየዋልኩ የገዛ እህቴ አንዲት ፍሬ ሳትውጥ ሞተች። ወንዙ ሞልቶ ነበር አሉ። መሙላቱን እኔም አውቃለሁ። ግን እሷ ስታጣጥር እሱ ድግስ ቤት ጊታር ሲጫወት እንደነበር ያዩ ሰዎች ነገሩኝ። ለማስተባበል እንኳ አልሞከረም። ከዚያ ወዲያ እሱ ባለበት መድረክ ላይ አልወጣም አልኩ፤ ባንዱም በዚሁ ፈረሰ።

በከተማው ቴፕና ካሴት የሚሸጡ አንድ ነጋዴ ነበሩ፤ ሐጂ እንላቸዋለን። ከወዲህም ከድንበሩ ማዶ በገላባትም የሚሸጥ ሲዲ ሊያወጡ አስበው አንዲት ዘፋኝ አግኝተዋል። ከበሮውን በኪቦርድ አሠርተው ጨርሰዋል። ጊታሩንና ቤዙን ግን ከሁለታችን በቀር ለማንም አልሰጥም አሉ።

"ከሱ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ አልቀመጥም" አልኳቸው።

"ማን ተቀመጥ አለህ?" አሉኝና ከካርቶን ውስጥ አንድ ሳጥን አወጡ።

ከካርቱም ያስመጡት ነው። ከጡብ ብዙም አይበልጥም፤ ፊቱ ላይ የሚዞሩ ቁልፎች ተደርድረውበታል። ጊታሩን በገመድ እሱ ላይ ትሰካለህ፣ ከሱ የሚወጣው ገመድ ኮምፒውተሩ ላይ ይሰካል። ቁልፉን ስታዞረው የትልልቅ አምፕሊፋየሮችን ድምፅ ያስመስላል፤ አንዱ ጥርት ያለ ነው፣ አንዱ ሞቅ ያለ፣ አንዱ የሚሻክር። አንዳቸውንም በዓይናችን አይተናቸው አናውቅም። ድሮ ለመቅዳት ስንሞክር አምፕሊፋየሩ ፊት ማይክ እናቆም ነበር። የጄኔሬተሩ ጩኸት፣ የከባድ መኪናው ጡሩምባ፣ የቆርቆሮው መንቀጥቀጥ ሁሉ አብሮ ይገባል፤ በሚያዝያ ሙቀትማ አምፕሊፋየሩ ራሱ ግሎ ቀጥ ይላል። በሳጥኑ በኩል የሚገባው ግን ክሩ ብቻ ነው። ተጫዋቹ በሄድፎን ይሰማል፤ አጠገቡ የቆመ ሰው የክሩን ቅጭልጭልታ ካልሆነ ምንም አይሰማም።

ሐጂ ከሱቃቸው ጀርባ ያለውን መጋዘን ለቀቁልን። እሱ ጠዋት ይመጣል፣ እኔ ከሥራ ስወጣ። መጋዘኑ በር ላይ እንኳ አንገናኝም።

ጠቡ ግን በሳጥኑ በኩል ቀጠለ። ቤዜን እዚያው ትቼ ስሄድ በማግስቱ ክሮቹ ላልተው አገኛቸዋለሁ። ሙቀቱ ነው ማለት ይቻል ነበር፤ እኔ ግን እሱ ነው አልኩ። እኔም ስወጣ እሱ ሲለፋባቸው ያረፈደባቸውን ቁልፎች አንድ በአንድ ዜሮ ላይ መልሼ እሄዳለሁ። ቀጥሎ በጊታሩ ወፍራም ክሮች ላይ መጫወት ጀመረ፤ የቤዙን ቦታ ሆን ብሎ ያዘብኝ። ሄድፎኑን አድርጌ ይህን ስሰማ፣ ቁልፉን ወደሚሻክረው አዙሬ፣ ቤዙን እንደ ወፍጮ እያስጓራሁ ላዩ ላይ ጫንኩበት። እህቴ ከሞተች ወዲህ የዚያን ቀን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ዘፋኟ ድምፅዋን ልታስገባ መጥታ ጥቂት እንዳዳመጠች ሄድፎኑን አወለቀች። "እነዚህ ሰዎች እየተደባደቡ ነው" አለቻቸው ለሐጂ። "እኔ በየት በኩል ልግባ?"

ሐጂ ለየብቻ ጠርተው ተቆጡን። ጠባችሁን ከቤታችሁ ጨርሳችሁ ኑ፣ ሲዲው የኔ ነው አሉኝ። ለሱም ይህንኑ እንዳሉት ገመትኩ። ሁሉም እንደገና ተቀዳ።

ሁለተኛው ቅጂ ጥሩ ሆነ፤ ይሄም አናደደኝ። እሱ ሲጫወት ክፍተት ይተዋል፤ ክፍተቱ ልክ የኔ ጣት በሚያርፍበት ላይ ነው። ያን ያህል ዓመት አብረን ስንጫወት የተማርነው ነገር አልጠፋም ነበር። የምጠላው ሰው እኔን እንዲህ አብጠርጥሮ ማወቁ አስጠላኝ። አንዳንዴ የሌላውን ሁሉ ድምፅ አጥፍቼ የሱን ብቻ ደጋግሜ አዳምጣለሁ። አንዳች የጸጸት ምልክት፣ የትንፋሽ መቆራረጥ፣ አንድ ነገር ፈልጌ። ምንም የለም። ጥርት ያለ ክር ብቻ።

ሥራው ሊያልቅ ሲል ኮምፒውተሩ ላይ ማንም ያልነገረኝ ቅጂ አየሁ። ከፈትኩት። እህቴ ልብስ ስታጥብ የምታንጎራጉረው ዜማ ነው፤ በባቲ ቅኝት፣ ግጥምም ስምም የሌለው፣ ከቤተሰቡ ውጪ ማንም የማያውቀው። ከበሮ እንኳ አላስገባበትም፤ ቀስ እያለ፣ በጊታር ብቻ። ሄድፎኑን ወርውሬ ተነሣሁ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ሥራዬ አልሄድኩም። መጋዘኑ በር ላይ ጠበቅሁት። ሲያየኝ ቆመ።

"ያን ዜማ ማን ፈቀደልህ?" አልኩት።

"እሷ ናት ያስተማረችኝ።"

"እሷ ስትሞት ድግስ ቤት ነበርክ።"

"ነበርኩ" አለ። ቢክደኝ ኖሮ እመታው ነበር።

ከዚያ መሬት መሬት እያየ ነገረኝ። ትኩሳቱ ሲጠናባት ወንዙን ደፍሮ የሚሻገር መኪና አልተገኘም። የሚያሻግር ቢኖር ትራክተር ነው፤ ትራክተር ያለው ደግሞ በጭቃው ብዙ ርቆ የሚገኝ አንድ ባለ እርሻ ብቻ ነበር። ጎረቤት ሴት አስቀምጦላት በእግሩ ሄደ። ጊታሩን የያዘው ለትራክተሩ መያዣ ሊሰጥ ነው፤ ሌላ የሚሰጠው ነገር አልነበረውም። ሰውየው የልጁን ክርስትና ደግሶ እንግዳ ሞልቶበታል። መያዣህን አልፈልግም፣ ጊታር ከያዝክ እንግዶቼን አጫውትልኝ፣ ሲበተኑ ትራክተሩን ከነሹፌሩ ውሰድ አለው። ተጫወተ። ትራክተሩንም ሰጡት። ሲደርስ ጎረቤትየዋ ደጅ ቁጭ ብላ ታለቅሳለች።

"ይሄን ሁሉ ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርህ ምን ይቀየራል? ተጫውቻለሁ።"

"አዎ፣ ተጫውተሃል" አልኩትና ጥዬው ሄድኩ።

አመንኩት። ማመኔ ግን አላቀለለልኝም። ከዚያ በፊት የምጠላው ሚስቱን ትቶ ሲጨፍር ያመሸ ሰው ነበር፤ አሁን የምጠላው ሕመሟን እያወቀ፣ በሰው ጭብጨባ መሐል፣ ጣቱ ሳይሳሳት የተጫወተውን ነው። በመንገዱ ጭቃ ውስጥ ሲሮጥም በሐሳቤ አየዋለሁ፣ ያን ግን ማየት አልፈልግም ነበር።

ሐጂ ዜማውን ሰምተው ሲዲው ላይ ይግባ አሉ፤ ቤዝ እንዳስገባበትም ለመኑኝ። ሞከርኩ። ሳጥኑን ለስለስ ባለው ድምፅ አስተካክዬ ለብዙ ቀን ከሰዓት በኋላ ቁጭ አልኩ። ጊታሩ ክፍተቱን ትቶልኛል፤ ጣቴን ላሳርፍ ስል የድግሱ ሰዎች ሲያጨበጭቡ ይታየኛል። በመጨረሻ አልችልም አልኳቸው። እንዳለ ወጣ።

ሰው ከዘፈኖቹ ሁሉ ይልቅ የወደደው እሱን ሆነ። ከኮኪት እስከ ገላባት በየሻይ ቤቱ ይከፈታል። መድኃኒት ሊወስዱ የሚመጡ ሰዎች ቤዙ ምነው ጠፋ ሲሉኝ፣ ልቀዳ ስል መብራት ጠፍቶ ነው እላቸው ነበር።

እሱ ወደ ሳንጃ ሄዶ ሌላ ሚስት እንዳገባ ሰማሁ። በከባድ መኪና ሹፌር በኩል አንዴ ሰላምታ ልኮልኛል፤ መልስ አልላክሁም።

እናቴ ሲዲውን ስትሰማ ዜማውን ገና ሲጀምር አወቀችው። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እስኪያልቅ ሰማች። ልጆቿ ካልሆኑ በቀር ማንም ሊያውቀው አይችልም ብላ ስላሰበች የተጫወትኩት እኔ መሰልኳት። እስከ ዛሬ ክፈትልኝ እያለች ታስደግመኛለች።

"እንዴት አድርገህ ያዝከው፣ ልጄ?" ትለኛለች።

እሱ ነው ብዬ ስሙን በእናቴ ቤት ማንሣት አልፈለግሁም። ድምፁን ከፍ አደርግላትና ወደ ደጅ እወጣለሁ።